በኲሓና በኢላላ መካከል

አባቴ ጎህ ሳይቀድ ወደ ምሥራቅ፣ እናቴ ጥቂት ቆይታ ወደ ሰሜን ይሄዱ ነበር። እኔ ከመቐለ ገበያ ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ በሩን ሸንጉሬ እቀራለሁ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ማታ ብቻ ነበር። ማታም ቢሆን ደክመው ስለሚገቡ፣ የሚያገናኛቸው እንቅልፍ ነበር ማለት ይቀላል።

ዘመኑ ጣልያን የወጣበት፣ መንገዱና መኪናው ግን የቀረበት ነበር። አባቴ አብዱልጀሊል ከወሎ የመጣ፣ የጎማ ሥራ በጣልያን ጊዜ የለመደ ሰው ነው። ኲሓ ላይ፣ ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ ጎሚስታ ሆኖ የተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ሲለጥፍ ይውላል። እናቴ ሳሊሃ ደግሞ በኢላላ ወንዝ ዳር ባለ የአትክልት ቦታ ትሠራለች፤ ቦይ ከፍታ ውሃ ትመራለች፣ ታርማለች፣ ጎመኑንና ሰላጣውን በእስር በእስር አድርጋ ለገበያ ታሰናዳለች። ማታ ቤታችን በሁለት ሽታ ይሞላል። በአንድ ወገን ማስቲሽ፣ በሌላው ወገን እርጥብ አፈር። መሀላቸው ስተኛ፣ በጨለማ ወደ ማን እንደዞርኩ በሽታው አውቅ ነበር።

ቀኑ ግን ረጅም ነው። በበሩ ስንጥቅ የምትገባው የፀሐይ ጭረት መደቡን ትወጣና ግድግዳው ላይ ትሰቀላለች። የጨው ግመሎች ወደ ገበያ ሲያልፉ የግንቡ ድንጋይ ሲንቀጠቀጥ በጀርባዬ ይሰማኛል። የነጂዎቹን ድምፅ መልመድ ጀምሬ ነበርና አንዳንዱ ድምፅ ለጥቂት ሳምንት ከጠፋ አስበው ነበር። እነሱ እኔን አያውቁኝም።

ያ ክረምት ረመዳን የገባበት ክረምት ነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ ጾም የሚፈታበት መግሪብ ሲቃረብም አላባራም። የምድጃው እሳት ጠፍቷል፤ እናቴ አልመጣችም። አባቴ ከኲሓ በእግሩ፣ ጾሙን፣ እስከ አጥንቱ በስብሶ ደረሰ። የምድጃውን አመድ በመዳፉ ዳሰሰ። እናቴ የት እንዳለች ጠየቀኝ፤ አልመጣችም አልኩት። አዛኑ ሲሰማ እንስራው ውስጥ በቀረችው ውሃ ጾሙን ፈታ፤ የሚበላ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አልተቀመጠም።

እናቴ ቀሚሷ ጭቃ ተሸክሞ ገባች። ኢላላ ሞልቶ ከማዶ አስቀርቷት ነበር። ያንን መናገር ስትጀምር አባቴ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሸህ ሸረፈዲን ቤት ሄጄ ፍም እንዳመጣ ላከኝ። ፍሙን በገል ይዤ፣ ዝናቡ እንዳያጠፋብኝ በሌላ ገል ከድኜ፣ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ስገባ ሁለቱም ቆመው ነበር፤ እሱ ወደ ግድግዳው፣ እሷ ወደ በሩ ዞረው። ፍሙን አኖርኩት፣ እሳቱ ተያያዘ፣ እናቴ ራት ሠራች። ዝምታውን የረሃብ ዝምታ አድርጌ ወሰድኩት።

በማግሥቱ ሸህ ሸረፈዲን መጥተው ከደጅ ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የዚህ ሁሉ ጠንቅ ቤቱ ነው፣ ሸህዬ። ለእኔም ሩቅ፣ ለእሷም ሩቅ” ሲል ሰማሁ። ይህን አመንኩ። ጠንቁ ቤቱ ከሆነ መድኃኒቱም ቤት ነው። ስለዚያ ዘመን በልጅነቴ የማውቀው ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ የተሠራ ነበር።

አባቴ እናቴን የፈታት ፍም ላመጣ በወጣሁባት አጭር ጊዜ ነው። ይህን የተረዳሁት ጎልምሼ፣ የሃይማኖታችንን ሕግ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ ስማር ነው። በሕጉ የተፈታች ሴት ወዲያው ከቤት አትወጣም። ዒዳ የተባለውን የመቆያ ጊዜ እዚያው በባሏ ቤት ትጨርሳለች። ጊዜው እስኪያልቅ ባልየው በአንዲት ቃል ሊመልሳት ይችላል፤ ካለቀ ግን እንደ ማንኛውም ባዕድ ወንድ ፈቃዷን ጠይቆ አዲስ የጋብቻ ውል፣ ኒካሕ፣ ማሰር አለበት። እስኪመልሳት ድረስም፣ መምህሬ እንዳስተማሩን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዕድ ይተያያሉ። መምህሬ ያንን ምዕራፍ ሲያነቡ ጓደኞቼ ይጽፉ ነበር፤ እኔ ግን ቤታችንን አየሁት።

ቤታችን ተለውጦ ነበርና። መሀሉ ላይ አንሶላ ተጋረደ፤ እናቴ ከወዲያ፣ እኔና አባቴ ከወዲህ መተኛት ጀመርን። ሁለት ክፍል ያለው ቤት ሰዎች ሆንን ብዬ ለልጆች አወራሁ። እናቴ በቤት ውስጥ ሳለች እንኳ ጥሩውን ሻሽዋን ከራስዋ አታወርድም፤ ዘወትር እንግዳ የምትጠብቅ መሰለኝ። አባቴን “አንቱ” ትለው ጀመር። ኲሓ ላይ ሹመት አግኝቶ ይሆናል ብዬ ጥቁር ጥፍሮቹን በአክብሮት አየሁ።

ሳሉ ግን አሳሰበኝ። አባቴ ማታ ሲመጣ በሩን ከመግፋቱ በፊት ከደጅ ቆሞ ያስላል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ደግሞ ያስላል። ከገባ በኋላ አያስለውም። የኲሓ አቧራ ደረቱ ላይ እንደተቀመጠ ለእናቴ ነገርኳት። ሻሽዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ጤና አዳም ጨምራ፣ በማር በጥብጣ በፍንጃል ሰጠችኝና ወደ አንሶላው አመለከተችኝ። አባቴ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። “የሳልህ መድኃኒት” አልኩት። እኔን አየ፣ አንሶላውን አየ፣ እስከ አተላው ጠጣው። በማግሥቱም ከደጅ ሆኖ አሳለ። መድኃኒቱ እንዳልሠራ ሳይ አዘንኩ።

እርስ በርስ አይነጋገሩም ማለት አይደለም፤ በእኔ በኩል ይነጋገራሉ። “ሰመድ፣ ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ አባትህን ጠይቅልኝ” ትላለች፣ አባቴ ክንዷን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ርቆ ተቀምጦ ሳለ። “ደህና ነው በላት” ይላል። እዞርና፣ “ደህና ነው ብሏል” እላለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ሥራ ያገኘሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የዚያን ያህል የተፈለግሁበት ዘመን አላስታውስም።

ሸህ ሸረፈዲን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይመጡ ነበር። በመጀመሪያ ከአባቴ ጋር ግንቡን ተደግፈው ያወራሉ፤ ከዚያ ከአንሶላው ወዲህ ሆነው እናቴን ያናግሯታል። እንዲህ ሲመላለሱ ቁርጥራጩ ጆሮዬ ይገባል። አባቴ፣ “ወደ እኔ መንገድ ትምጣ፤ ኲሓ አጠገብ ትግባ፤ ያን ቀን ቃሌን እሰጣለሁ” ይላል። እናቴ ደግሞ፣ “መጀመሪያ ቃሉን ይስጠኝ፤ ከዚያ የፈለገበት ያኑረኝ” ትላለች። ሸሁ ጢማቸውን እያሻሹ፣ “ሁለታችሁም ወንዝ ሞልቶባችሁ ከየማዶው ተቀምጣችኋል” ብለው ይሄዳሉ። ቃል የሚሉት የቤት ኪራይ ውል ነው ብዬ ነበር። አከራያችንም ልጁን ሊድርበት ክፍሉን ፈልጎት የአረፋ ጨረቃ ሳትወጣ እንድንለቅ ተናግሮ ስለነበር፣ ሁሉም ነገር ከቤት ጋር ይገጥምልኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ቤት ፍለጋው ተጀመረ። አባቴ ይዞኝ በኲሓ መንገድ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ዳር ያሉትን የድንጋይ ቤቶች እያንኳኳ ጣሪያውን ያያል፣ ወለሉን በተረከዙ ይረግጣል። በሌላ ቀን እናቴ ይዛኝ ወደ ኢላላ ትወርዳለች፤ እሷ የምታየው ውሃው የት እንዳለና ልጅ ብቻውን የሚውልበት ጥላ መኖሩን ነው። ሁለቱም ስንመለስ፣ “የዚያኛውስ ቤት እንዴት ነበር?” ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ሁለቱንም ጥሩ ነው እላቸዋለሁ።

አሁን ሳስበው ሁለቱም ስለ ቤት አልነበረም የሚጠይቁኝ።

አንድ ቀን በሩን ከውጭ ሸንጉሬ ብቻዬን ወጣሁ። ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጥቂት ከወጣሁ በኋላ ዞር ብል፣ በአንድ ወገን የኲሓ መንገድ ተጠማዝዞ ኮረብታው ላይ ሲጠፋ፣ በሌላ ወገን የኢላላ አረንጓዴ ሜዳውን ከፍሎ ሲሄድ አየሁ። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይታያሉ። መሀሉን አገኘሁት አልኩ። ብዙ ዓመት ቆይቼ ያንን ዳገት ስወጣ መሀል አለመሆኑን አየሁ፤ ለእናቴ እንዲያውም ከቀድሞው ይርቅ ነበር። ከፍታ ብቻ ነው። ከከፍታ ላይ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል።

እዚያው ዳገት ላይ አደይ ሕሪቲ የሚባሉ ባልቴት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የሚከራይ ክፍል እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ምስሩን ትተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“ኣታ ወደይ፣ ልጄ፣ ቤት ፈላጊው አንተ ነህ? ሚስትህን የት ጥለሃት ነው?”

“እናቴ ኢላላ ናት፤ አባቴ ኲሓ ነው። መሀል ነው የምፈልገው” አልኳቸው።

ሳቃቸውን ጀምረው አልጨረሱትም። “መሀል የሚባል አገር እንኳ እኔ አላውቅም” አሉና ተነሥተው ክፍሉን ከፈቱልኝ። ነጭ ድንጋይ ነው፤ መስኮት አለው፤ ጭድና የቆየ ጢስ ይሸታል። በመስኮቱ ባይ የኲሓ መንገድ ታየኝ። በሩ ላይ ብቆም ኢላላ ታየኝ። ሌላ የሚፈለግ ነገር አልነበረም።

ያን ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ ለአባቴም ከአንሶላው ወዲህ ሆኜ ያንኑ ደገምኩለት። ከዚያ እናቴ፣ “ልጁ የመረጠው ተመርጧል በልልኝ” አለች። መንገዷ እንደሚረዝም ታውቅ ነበር፤ ኢላላ ውሎ የሚገባ ሰው ያንን ዳገት ማታ ማታ መውጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያስፈልገውም። እሺ ማለቷ ለእሱ የላከችው መልእክት ነበር። አባቴም ተረድቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ያን ሌሊት ሲገላበጥ አድሯል። ነገር ግን እንደ ልማዱ ዓርብን ጠበቀ፤ ዓርብ ሥራ በዛበትና የሚቀጥለውን ጠበቀ። ጊዜ ያለው መስሎታል። የፈታት በረመዳን ጨረቃ ነው፤ ሦስት ጨረቃ ሊሞላ፣ የአረፋዋ ጨረቃ ልትወጣ፣ ገና ቀናት ይቀሩታል። የአገራችን ወንዶች ዒዳን በጨረቃ ይቆጥሩታል፤ ጨረቃን ሁሉም ያያታልና።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራታችን ዳገቱን ወጣን። አባቴና ሸህ ሸረፈዲን ከፊት፣ እናቴ ጥሩውን ሻሽዋን አስራ ከኋላ፣ እኔ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። አባቴ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ ነበር። እጁን በሎሚ ፈትጎት እንኳ ጥፍሩ አልነጣም። አደይ ሕሪቲ በሩን ከፍተው፣ ልጁ ቀድሞ ስለተስማማ ከእሱ ጋር ተዋዋሉ ብለው ቀለዱና ውሃ ሊያመጡ ወደ ጓዳቸው ገቡ። አባቴ ወለሉን በተረከዙ ረገጠ። በመስኮቱ አየ። ከዚያ ወደ እናቴ ሳይሆን ወደ ሸሁ ዞሮ፣ ያጠናው በሚመስል ድምፅ ተናገረ።

“ሸህዬ፣ እርስዎ ይመስክሩ። ሳሊሃን ወደ ኒካሔ መልሻታለሁ።”

ሸሁ ፊታቸው በራ። አፋቸውን ለምስጋና ሲከፍቱ እናቴ መሬት መሬት እያየች፣ “ሸህዬ፣ ዒዳዬ አልቋል” አለች።

“መቼ?” አለ አባቴ። “ጨረቃዋ አልወጣችም እኮ።”

የመለሱት ሸሁ ናቸው። “አብዱልጀሊል፣ ዒዳ የሚቆጠረው በሴቲቱ የወር ልማድ ነው። የዚህ ምስክር እሷ ናት፤ ጨረቃ አይደለችም።” አክለውም፣ ችግር የሚሆን ነገር እንዳልሆነ፣ እሺ ካለች እዚያው አዲስ ኒካሕ ማሰር እንደሚቻል አስረዱት። “ቀላል ነው፤ ጠይቃት” አሉት።

እኔ ውል ላይ የተነሣ ክርክር ነው ብዬ አባቴ ቶሎ እንዲጠይቃት በልቤ እለምን ነበር። አባቴ መስኮቱን ይዞ ቆመ።

“በቤቴ እንደ ባዕድ ቆሜ፣ ከእጅሽ እየበላሁ፣ አለቀ ሳትይኝ ዝም አልሽ” አላት።

እናቴ ቀና አለች። “አንተስ?” አለችው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ “አንቱ” ማለቷን ትታ። “አንተስ ያን ሁሉ ቀን ዝም አላልክም?”

ሸሁ ዳግመኛ፣ “ጠይቃት” አሉ።

አደይ ሕሪቲ ውሃውን ይዘው ተመለሱ፤ የሁሉንም ፊት አይተው በሩ ላይ ቀሩ። አባቴ ውሃውን አልተቀበለም። “አንዴ ካለቀ አለቀ” አለና በአጠገባቸው አልፎ ወጣ። ዳገቱን ወደ ኲሓ መንገድ ሲወጣ በመስኮቱ አየሁት። እናቴ ጥቂት ቆመች። ይመለስ እንደሆነ እያዳመጠች ነበር። ከዚያ የአደይ ሕሪቲን ዋንጫ ተቀብላ ጠጣች፣ አመሰገነች፣ በበሩ በኩል ወደ ታች ወረደች። ሁለቱም ከዚያ ቤት ይታያሉ ማለቴ ትክክል ነበር። እስኪጠፉ ድረስ አየኋቸው።

እናቴ በስተርጅናዋ፣ ዓይኗ ከፈዘዘ በኋላ፣ ያንን ቀን አንሥቼባት ነበር። ያን ጊዜ ዒዳዋ ካለቀ ሰንብቶ ነበር። ጓዟን ጠቅልላ መውጣት ሲገባት፣ ነገ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያለች ከአንሶላው ጀርባ እየሠራች ቆይታለች። ይህንን እንደ ኃጢአቷ ትቆጥረውና ከሰላት በኋላ ይቅርታ ትለምንበት ነበር። ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አላለችም? “ዝም ብል በሐራም ልንኖር ነው” አለችኝ። “ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። እሺ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፣ ሰመድ።” አባቴ ከሞተ ቆይቶ ስለነበር ይህን ልነግረው አልቻልኩም። እሱም በዘመኑ አንዴ ብቻ፣ ከሁለተኛ ሚስቱ ልጆች መካከል ተቀምጦ፣ ሳይጠየቅ፣ “ብትፈልገኝ ኖሮ አልቋል አትልም ነበር” ብሎኛል።

ያን ከሰዓት በኋላ ግን ባዶው ክፍል ውስጥ እኔና ሸሁ ቀረን። ተንበርክከው እጄን ያዙ። በዕድሜዬ ያለ ልጅ ከማን ጋር እንደሚሆን ራሱ እንደሚጠየቅ ነገሩኝ። አባቴ ኲሓ ሊከራይ ነው፤ እናቴ ኢላላ። “አንተ ከማን ጋር ትሆናለህ?”

እኔ ግን ነገሩ የመንገድ ነው ብዬ አምኛለሁ፤ አሁን ደግሞ ጠንቁ ተወግዷል። እያንዳንዳቸው ሥራቸው አጠገብ ሊኖሩ ነው፤ ማንም በዝናብ አይበሰብስም፤ ማንም በደረቅ አፍ መጥቶ አመድ አይዳስስም። የሚመላለስ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።

“እኔ መንገድ አይደክመኝም፤ እመላለሳለሁ” አልኳቸው።

ሸህ ሸረፈዲን የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ወሰዱ። በጣም ጥሩ መልስ የመለስኩ መሰለኝ።

እንደ ቃሌም ሆነ። ኲሓ ሰንብቼ ወደ ኢላላ እሄዳለሁ፤ ኢላላ ሰንብቼ ወደ ኲሓ። ከጨው ነጂዎቹ ጋር በመንገድ እየተገናኘን ድምፃቸው የማን እንደሆነ በመልክ አወቅሁ፤ አንዳንዴ ልጅ ብቻውን የት ይሄዳል ይሉኛል፤ ወደ ቤቴ እላቸዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲያገኙኝ ይስቁብኛል።

አባቴ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መንገዱ ይወጣል። “መንገዱ አልረዘመብህም?” ይለኛል። ኢላላ ስደርስ እናቴ በቦዩ ውሃ እግሬን እያጠበች ያንኑ ትጠይቀኛለች። አልረዘመብኝም እላቸዋለሁ። ከዚያ በየራሳቸው ደጅ፣ ሌላ የሚጠይቁኝ ያላቸው ይመስል፣ ትንሽ ይቆያሉ። እኔም ልመልስ ተዘጋጅቼ እቆማለሁ። ሳይጠይቁኝ ራት ይቀርባል።